ስሙን የጻፍኩለት ሰው

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማንንም ስም አታገኙም፤ የራሴንም ጭምር። ወዳጆቼ «ፈርተህ ነው» ይሉኛል። ይበሉ! የሰው ስም ወረቀት ላይ ማስፈር ምን እንደሚያመጣ አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ አልሞክረውም። ሰውየውን፣ የአውራጃችንን የፓርላማ ተመራጭ፣ «እንደራሴው» እያልኩ እጠራቸዋለሁ። አሰበ ተፈሪም፣ መቻራም፣ ቦኬም ያኔ የሚጠራቸው እንዲሁ ነበር። በዚያን ጊዜ ከኋላቸው «እሱ» እያልኩ ነበር የማማቸው፤ ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ።

ከሸዋ ተመድቤ አሰበ ተፈሪ የመጣሁት በመምህርነት ነው። ሁለት ዓመት እንኳ ሳልሞላ ከዳይሬክተሩ ጋር ተጣላሁ። ክፍል ሊሠራበት የመጣ ጣውላ ሲጎድል አየሁ፤ በዚያው ሰሞን ዳይሬክተሩ ቤቱን ሲያድስ አየሁ፤ ሁለቱን አገናኘሁና በተማሪ ፊት «ሌባ!» አልኩት። ጣውላው ለካ ዝናብ እንዳይመታው ጎረቤት ግቢ ተከምሮ ኖሯል። የሱ ቤት ጣውላ ደግሞ ከአማቹ የመጣ ነበር። ይቅርታ ጠይቅ ተባልኩ፤ እምቢ አልኩ፤ ሥራውን ትቼ ወጣሁ። ባለቤቴ፣ ከጉራጌ አገር የመጡ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፣ «አንተ እኮ ጥላህንም አታምንም» ስትለኝ «ጥላዬ ምን ሲሠራ አየሽው?» እላት ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ እንግዲህ፤ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ።

እንጀራዬን ያገኘሁት ከእጅ ጽሑፌ ነው። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ነበረው፤ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ ራፖር ጻፊ ሆንኩ። ቀለም፣ ብዕር፣ ካርቦን፣ የቴምብር ሙጫ፣ ለጣት አሻራ የሚሆን የማኅተም ቀለም፤ ያለኝ ዕቃ ይኸው ነው። ገበሬው በኦሮምኛ ይነግረኛል፣ ልብስ ሰፊው መኪናውን እየረገጠ ያስተረጉምልኛል፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። የራሴ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነበር፤ ዋጋ ከመጠየቅና ሰላም ከማለት አያልፍም። ከአሰበ ተፈሪ ወዲያ እስከ መቻራ ድረስ ሌላ ራፖር ጻፊ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የመጀመሪያው ምርጫ ሲመጣ ሰዉ ግራ ገባው። ሕዝብ የሚመርጠው ሹም ሰምቶ አያውቅማ! አብዛኛው ሰው ማንበብ ስለማይችል ለየተወዳዳሪው ምልክት ተሰጠ፤ ላንዱ ማረሻ፣ ላንዱ ግመል፣ ለኚህ ለእኔ ሰውዬ ፋኖስ። ሰውየው ፍርድ ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመት አስተርጓሚ የነበሩ ናቸው። አባታቸው ከላይ ከደጋ፣ እናታቸው ከዚሁ ከበዴሳ በኩል፤ ሁለቱንም ቋንቋ እንደ ውሃ ይጠጡታል። እኔን ደግሞ ገና ከዚያው ጀምሮ ነገሩ አልጣመኝም። አስተርጓሚ ማለት በኔ ሚዛን ለዳኛው አንድ፣ ለባለጉዳዩ ሌላ የሚል ሰው ነው። ፋኖሱ አሸነፈ፤ ጥቅምት ላይ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ሚኤሶ ወረዱ፣ ከዚያ በባቡር አዲስ አበባ ገቡ።

በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ፓርላማው ይዘጋል፣ እሳቸውም ይመለሳሉ። ከሚኤሶ በጭነት መኪና ጋቢና ዳገቱን ይወጡና ገና አቧራቸውን ሳያራግፉ እኔ ወዳለሁበት በረንዳ ይመጣሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጠረጴዛም ወረቀትም ያለው እኔ ጋ ነው። አግዳሚዋ ላይ ከጎኔ ቁጭ ይላሉ፤ ሰዉ ከቦኬ፣ ከቦርደዴ፣ ከመቻራ እየመጣ ተራ ይይዛል። በኦሮምኛ ያዳምጣሉ፣ አንድ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ወደኔ ዞር ይላሉ።

«ጻፍ። በጨርጨር አውራጃ አንድ ገበሬ...»

«ስሙስ?» አልኩ በመጀመሪያው ቀን።

«ስም አታስገባ።»

«አገሩስ?»

«አገሩንም አታስገባ። አንድ ገበሬ ብለህ በደሉን ብቻ ጻፍ።»

«ስም የሌለው ማመልከቻ ማን ያነበዋል?» አልኳቸው። ሥራዬን ሊያስተምሩኝ ነው እንዴ!

«እኔ አነበዋለሁ» አሉና በጣታቸው ግንባራቸውን መታ መታ አደረጉ። «ስሙ እዚህ አለ።»

ወይ ጉድ! ባለፉት ዓመታት ከጻፍኩት ሁሉ ስም የሌለው ማመልከቻ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሰውየው የተሸፈነ ነገር አላቸው አልኩ በሆዴ። ስሙ ከሌለ ባለጉዳይ የለም፤ ባለጉዳይ ከሌለ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠይቅ ከሌለ ደግሞ እንደራሴው ወረቀቱን ከባቡሩ መስኮት ቢወረውሩት ማን ያውቅባቸዋል? ምክንያታቸውን ብጠይቃቸው ፈገግ ብለው ወሬ ይለውጣሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አንድ ደብተር ያዝኩ። እሳቸው «አንድ ገበሬ» ያሰኙኝን ሁሉ እኔ ማታ ቤቴ ስገባ ከነስሙ፣ ከነአባቱ ስም እዚያ እጽፈዋለሁ። አንድ ቀን ሲያዙ ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ ነው።

ሁለተኛው ምርጫ መጣ፤ ፋኖሱ አሸነፈ። ሦስተኛው መጣ፤ አሁንም ፋኖሱ። በዚያን ጊዜ እንደራሴ ማለት አንዴ ሄዶ የሚቀር ነው፤ ሁለቴ መመረጥ ራሱ ብርቅ ነበር። ሦስቴ! እንዴት ሆኖ? ባለርስቶቹ ጥርሳቸውን ያልነከሱባቸው ለምንድን ነው? ልብስ ሰፊው «ሰዉ ይወዳቸዋላ» ሲለኝ እስቅበት ነበር። የቦርደዴ ሰዎች ተዘግቶባቸው የነበረ የከብት ውሃ ሲከፈትላቸው «አጋጣሚ ነው» አልኩ። ከላይ ትእዛዝ ወርዶ ጭሰኛን በመኸር መሃል ማስነሳት ለአንድ ሰሞን ሲቆም «ለምርጫው ነው» አልኩ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

ሦስተኛው ዘመናቸው ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በነሐሴ፣ ከመቻራ አንድ ሰው መጣ። ረጅም ነው፣ ሽርጥ ታጥቋል፣ ጫማውን ጭቃ እንዳያበላሽበት በእጁ ይዞታል። ዕድሜው ከእኔ አይበልጥም አያንስም። አግዳሚው ላይ ተቀመጥ ስንለው እምቢ ብሎ መሬት ቁጢጥ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አባቱ በእጁ የተከለው የቡና ማሳ አለው። አንድ ባለርስት መሬቱን ሲያስለካ ገመዱ የሰውየውን ቡና ይዞ ዞረ፤ ማሳው ባለርስቱ ስም ገባ። ባለርስቱ የሚኖረው እዚሁ አሰበ ተፈሪ፣ አረንጓዴ የብረት በር ያለው ግቢ ውስጥ ነው። ቡናው ሲቀላ አንተ አትለቅመውም ተብሏል።

«ሌላ መሬት የለህም?» አልኩት በልብስ ሰፊው በኩል።

«ሌላ የለኝም። ቡናው ከሄደ ልጆቼን ይዤ የሰው ቡና ለቃሚ መሆን ነው» አለ። ቀጥሎ አማርኛውን ራሱ ፈልጎ አገኘው፤ «አባቴ እዚያ ነው የተቀበረ። ከቡናው ሥር።»

እንደራሴው ብዙ አዳመጡት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ወደኔ ዞሩ። «በጨርጨር አውራጃ አንድ ገበሬ...» እኔም ጥርሴን ነክሼ ጻፍኩ። ለሰውየው ደግሞ በኦሮምኛ ጠበቅ አድርገው የሆነ ነገር ነገሩት፤ ልብስ ሰፊው በኋላ እንዳጫወተኝ «ቡናው እስኪለቀም ዝም በል፤ ለማንም አታውራ፤ ወደ ማንም አትሂድ» ነበር ያሉት። ዝም በል! አንድ ሰው አባቱ የተቀበረበትን እየተነጠቀ ዝም በል ይባላል?

ሳምንት ቆይቼ ለባለቤቴ አባት ደብዳቤ ላደርስ ስሄድ በአረንጓዴው በር በኩል አለፍኩ። በሩ ተከፈተና ማን ቢወጣ ጥሩ ነው? እንደራሴው! ባለርስቱ ክንዱን ትከሻቸው ላይ ጥሎ እስከ ደጅ ይሸኛቸዋል። ሁለቱም ይስቃሉ። እንደራሴው ብብታቸው ሥር በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጥሩ ጫት ይዘዋል። እጅ ከፍንጅ! አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ይኸው መጣ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ገበሬው ትዝ ከማለቱ በፊት «አላልኩም ነበር!» የሚለው ነው የመጣብኝ።

በመስከረም ገበሬው እንደገና መጣ፤ እንደራሴው የዚያን ቀን ቦኬ ወርደው ነበር። ጠራሁትና ጠረጴዛዬ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«እንደራሴህን ከአረንጓዴው በር ሲወጡ አይቻቸዋለሁ» አልኩት።

«ወላሂ?»

«በነዚህ ዓይኖቼ። እየሳቁ ነው የወጡት።»

ዱላውን መሬት ላይ ወዲያ ወዲህ ያደርጋል። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቁሞ ያየኛል።

«እሱ ግን ዝም በል ብሎኛል» አለ በመጨረሻ።

«እሳቸውማ ዝም እንድትል ይፈልጋሉ! ወረቀትህ ላይ ስምህ እንኳ የለም። ስም የሌለው ሰው መሬት አለው እንዴ? እኔ ከነስምህ እጽፍልሃለሁ፤ በአደራ ደብዳቤ በቀጥታ ከላይ ከትልቁ ቦታ አደርስልሃለሁ።»

ልብስ ሰፊው «መምህር፣ ተው እስቲ፤ መጀመሪያ እንደራሴውን ጠይቃቸው» አለኝ። «አንተ ልብስህን ስፋ!» አልኩት። ይህንን ቃል በየጊዜው አስታውሰዋለሁ። ሊያስቆመኝ የሞከረ አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም በግልምጫ አባረርኩት።

ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም። የገበሬውን ስም፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ መንደሩን፣ ማሳው በየት በኩል ከማን ጋር እንደሚዋሰን፣ የባለርስቱን ስም ከነማዕረጉ፤ አንድም አላስቀረሁም። አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ነክሮ አሳረፈ። ማጭድ የቆረጠው የድሮ ጠባሳ ስለነበረው አሻራው መሃል ላይ አንድ ነጭ መስመር ወጣ። ቴምብር ለጠፍኩ፣ ፖስታ ቤት ራሴ ይዤው ሄድኩ። ገበሬው ሲሰናበተኝ እጄን በሁለት እጁ ይዞ «ስሜን ጻፍክልኝ» አለኝ። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እያፏጨሁ ነው።

ጥቅምት ላይ እንደራሴው ሄዱ። ኅዳር አለፈ፤ መልስ የለም። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የባለርስቱ ወኪል፣ ጥሩ ኮት የለበሰ፣ አንደበቱ ማር የሆነ ሰው፣ በረንዳዬ ላይ ወጣ። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት ዘረጋ።

«መምህር፣ ለዚህች መልስ እንድትጽፍልን ነበር» አለኝ።

ወረቀቱን አየሁት። የራሴ ጽሑፍ ነው። ነጩ መስመር ያለበት አሻራ ከግርጌው አለ። በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም «ወደ ታች ተልኮ ይጣራ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሱ በታች ሌላ እጅ «ጉዳዩን የሚያውቀው ይመልከተው» ብሎበታል፤ ከሱም በታች ሌላ እጅ «የተከሰሰው ሰው መልስ ይስጥበት» ብሏል። ማመልከቻዬ ደረጃ በደረጃ ወርዶ ወርዶ የተከሰሰው ሰው እጅ ገብቷል። የገበሬው ስም፣ የአባቱ ስም፣ መንደሩ፣ ሁሉም ነገር አምሮ ተጽፎለት።

«ጽሑፉ ሲያምር!» አለ ወኪሉ። «ማን እንደጻፈው ባውቅ ኖሮ መልሱንም ለእሱ ነበር የምሰጠው።» ያውቃል። እየሳቀ ነው የሚያየኝ።

«እጄን አሞኛል» አልኩት።

«እግዜር ይማርህ» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ወረደ።

ልብስ ሰፊው ውሃ አመጣልኝ። በማግስቱ ቡና ሊጭን በሚወርድ መኪና ላይ ወጥቼ መቻራ ሄድኩ። መንገዱ የሰው አንጀት ይቆርጣል፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፍተን፣ ከቀትር በኋላ ደረስኩ። ማሳውን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ እኔ አይደለሁ አዋሳኙን የጻፍኩት? የማላውቃቸው ሰዎች ቡናውን ይለቅማሉ። የገበሬው ሚስት ደጃፏ ላይ ልጅ ታቅፋ ቆማለች። ባሏን ሐሙስ ዕለት ወሰዱት፤ የጌታውን ስም አጥፍተሃል፣ ሰው አነሳስተሃል ተብሏል። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ የነገረችኝን ግን አልሳትኩትም።

«እንደራሴው ሸጠው» አለችኝ። «ዝም በል አለው፣ ከዚያ ሸጠው። አንተ ብቻ ነህ የጻፍክለት። ረቢ ይስጥህ።»

አፌን ከፈትኩ። ምን እንደምል አውቅ ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አንድ የሰፈር ሰው መጣ፣ ሌላም መጣ፣ ከበቡኝ፣ እጄን ሳሙኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁት። መኪናው ጡሩንባ ሲነፋ ሮጬ ተሳፈርኩ።

ወሬው ከመቻራ ተነስቶ በገበያ ቀን ቦኬ ደረሰ፣ ከቦኬ ቦርደዴ። እንደራሴው ከአረንጓዴው በር ሲወጡ የታዩ መሆናቸውም ተጨመረበት። ያንን ማን እንዳየው እናንተ ታውቃላችሁ። አራተኛው ምርጫ ሲደርስ እንደራሴው ቅስቀሳ ሲዞሩ ሰዉ ጀርባውን ይሰጣቸው ጀመር። ቦኬ ገበያ ላይ አንድ ሽማግሌ ፊታቸው ምራቅ እንደ ተፋ ሰማሁ። በምርጫው ቀን ሰልፍ ይዤ ፋኖሱን መረጥኩ። ወደ ኋላ ዞሬ ያንን ሁሉ ሰልፍ አየሁት፤ ጮክ ብዬ አንድ ነገር ብናገር የሚሰማኝ ሰው ሞልቷል። አልተናገርኩም። ግመሉ አሸነፈ።

ሐምሌ ላይ እንደራሴው መጡ። እንደራሴ መሆናቸው ቀርቷል፤ እኔ ግን ሌላ ስም አላወጣሁላቸውም። ሻንጣ አልያዙም፤ አንዲት ጃንጥላ ብቻ። አግዳሚዋ ላይ በድሮ ቦታቸው ተቀመጡ። ውጭ ዝናብ ነው፤ ውስጥ የልብስ ስፌቱ መኪና ይንጫጫል። ተራ የያዘ ሰው ግን አልነበረም።

«ጽሑፍህን እኮ ከሩቅ አውቀዋለሁ» አሉኝ። «አሥራ ሁለት ዓመት አንብቤዋለሁ።»

አፈር ብበላ መረጥኩ። «ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ፤ ይግረማችሁ፣ ጭራሽ ተቆጣሁ። «ስም የማያስገቡበትን ምክንያት ለምን አልነገሩኝም?»

«በመጀመሪያው ዓመት፣ ገና ወደ በረንዳህ ሳልመጣ፣ ስም ይዤ ሄጄ ነበር። ከቦርደዴ የአንድ ሰው ስም። ወረቀቱን ከላይ ሰጥቼ እኔ ገና አዲስ አበባ እያለሁ እሱ ታች ደርሷል። ሰውየውን ደብድበው አንድ ዓይኑን አጠፉት። ከዚያ ወዲህ ስም በጭንቅላቴ ነው የምይዘው፤ በደሉን በወረቀት፣ ሰውየውን በቃል። ይህንን ብነግርህ ለባለቤትህ ትነግራለህ፤ እሷ ለአባቷ ሱቅ። አቤቱታው ወዴት እንደሚወርድ ሰዉ ካወቀ ማን ደፍሮ አቤት ይላል?»

«አረንጓዴው በርስ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ነህ ያየኸኝ? ያ ቀን ባለርስቱ እሺ ያለኝ ቀን ነው። ገበሬው የዚህን ዓመት ቡናውን ይልቀም፣ ከዚያ በሽማግሌ እንጨርሰዋለን አለኝ። ሦስት ቀን ደጅ ጠንቼ፣ አብሬው ቅሜ፣ ቀልዱን ሁሉ ስቄለት። ወረቀትህ ሲደርሰው በእኔ የተቀለደበት መሰለው።»

እውነታቸውን ይሁን አይሁን ዛሬም አልፎ አልፎ እጠራጠራለሁ። ምን ላድርግ፣ አመል ነው። የቦርደዴውን ሰው ግን በኋላ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ አንድ ዓይን ነው ያለው።

«ለሰዉ እናገራለሁ» አልኳቸው። «ነገ ገበያ መሃል ቆሜ እናገራለሁ።»

«አትናገር። እኔስ አርጅቻለሁ፣ ሥራዬም አልቋል። የመቻራው ሰውም እስከ መስከረም ይፈታል፤ የማውቃቸውን ሁሉ ለምኛለሁ። አንተን ካላመኑህ ግን በማን እጅ ያስጽፋሉ? ሌላ ማን አለ?» ጃንጥላቸውን አንስተው ተነሱ። «ብቻ ስም አታስገባ።»

እኔ ደግሞ እፎይ አልኩ። አትናገር ሲሉኝ ከላዬ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ፤ ይህንን ነው ከሁሉ በላይ የማፍርበት። ትንሽ እንኳ አልተከራከርኳቸውም። በዝናቡ ውስጥ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሲወርዱ እስከ መታጠፊያው አየኋቸው።

ገበሬው እንዳሉት በመስከረም ተፈታ። ማሳው ግን አልተመለሰም። በጥር አንድ ቀን በረንዳዬ ላይ መጣ፤ ከስቷል፣ ጥርሱ ጎድሏል። ከጨርቅ ቋጠሮ ውስጥ ሁለት እፍኝ የማይሞላ ቡና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ልጆቹ ለቃሚዎቹ ከሄዱ በኋላ ከአባቱ ዛፎች ሥር የወደቀውን አንድ በአንድ ለቃቅመው ያመጡት ነው።

«ላንተ ነው፣ መምህር። ያንተ ወረቀት አስፈታኝ።»

«ኧረ እኔ...»

«ስሜን የጻፍክ አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። ቁጢጥ አለና ቀጠለ። «አሁን ሌላ ወረቀት ጻፍልኝ። የሸጠኝን ሰው ስም ጻፍልኝ። እንደራሴውን። ስሙን፣ ያባቱን ስም፣ ሁሉንም። እንደ በፊቱ በአደራ ላከው።»

የመኪናው ድምፅ ቆመ። ልብስ ሰፊው ጨርቁን እንደ ያዘ ያየኛል። አሁን እውነቱን ይናገራል ብሎ የጠበቀ ይመስለኛል፤ እኔም ራሴ ጠብቄ ነበር። ወረቀት ሳብኩ፣ ብዕሬን ነከርኩ። አመልካች ብዬ የገበሬውን ስም ጻፍኩ። ተከሳሽ በሚለው ቦታ ላይ የራሴን ስም፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ጻፍኩ። ከዚያ በታች አንድም ሳላስቀር የሠራሁትን ዘረዘርኩት፤ ያየሁትን፣ የገመትኩትን፣ ተው የተባልኩትን፣ የላክሁትን፣ መቻራ ሄጄ የዋጥኩትን።

«አንብብልኝ» አለ።

አነበብኩለት። እጄ የራሴን ስም በጻፈበት ቦታ ሁሉ አፌ የእንደራሴውን ስም ጠራ፤ ከዚያ በታች ያለውንም ትቼ፣ ወረቀቱን እያየሁ እሱ የፈለገውን ክስ አሰማሁት። ገበሬው እያንዳንዱን ቃል ራሱን እየነቀነቀ ሰማና አውራ ጣቱን ነክሮ አሳረፈ። ነጩ መስመር መሃል ላይ ወጣ።

እንደራሴው ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ቀብራቸው ላይ የመጣው ሰው ጥቂት ነው። ወረቀቱን ፖስታ ቤት አልወሰድኩትም፤ ከደብተሩ ሥር መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ገበሬው በየዓመቱ ቡና ተለቅሞ ሲያልቅ ቋጠሮውን ይዞ ይመጣል።

«መልስ አልመጣም?» ይለኛል።

«ገና ነው» እለዋለሁ።